የአህያዋ ጣቶች

ከሰሚት ወዲያ ባለው መንደር ሞሲሳን የሚያውቅ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያውቀው በቢላው ነው። ለገናም ሆነ ለፋሲካ ጎረቤት ተሰብስቦ ቅርጫ ሲገባ፣ በሬው ተጥሎ ከተገፈፈ በኋላ "ሞሲሳ ይጠራ" ይባላል። እጁን ታጥቦ፣ አማትቦ፣ ቢላውን ከሞረዱ ጋር አፋጭቶ ይጀምራል። ወርቹን ከጎድኑ ሲለየው ያየ ሰው ካፖርት የሚያወልቅ ነው የሚመስለው። ሽንጡ ለብቻ፣ ዳቢቱ ለብቻ፣ ፍሪምባው ለብቻ ይቀመጥና ከእያንዳንዱ ብልት ለእያንዳንዱ ሰው መደብ እኩል እየተቆረሰ ይደለደላል። ዕጣ ወጥቶ ሰው ድርሻውን ሲያነሳ "የእኔ አነሰ" ብሎ ያኮረፈ እስካሁን አልታየም።

ብልት ማውጣት ያስተማሩት አጎቱ ናቸው። የመጀመሪያው ትምህርታቸው ስለ ሥጋ አልነበረም፤ ስለ ስንጣሪ ነበር። መጥረቢያ ያረፈበት አጥንት ስንጣሪ ይተፋል። ያ ስንጣሪ በሰው ድርሻ ውስጥ ተደብቆ ከገባ የልጅ ጉሮሮ ይወጋል፣ የሽማግሌ ጥርስ ይሰብራል። "ሥጋ ቢያንስበት ሰው ይቅር ይልሃል፤ ስንጣሪ የነከሰ ግን እስኪሞት ስምህን ያነሳል" ይሉት ነበር። ስለዚህ ሞሲሳ ሥራውን ሲጨርስ መደቡን ሁሉ በመዳፉ ይዳብሳል። ቀጭንና ሹል ነገር ያገኘ እንደሆነ ለቅሞ ወደ ቆሻሻው ይጥላል። ይህን ሳያደርግ እጁን ታጥቦ አያውቅም።

የአባቱ መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ስንዴ ይዘራበት የነበረው ሜዳ ላይ ልብስ ከበረንዳ ወደ በረንዳ ሲውለበለብ ማየት መጀመሪያ ላይ አስከፍቶት ነበር፤ ኋላ ግን የሚውለበለበው የሕፃናት ልብስ መሆኑን አየና ልቡ ለዘብ አለ። እርሻው ሲቀር ጉርድ ሾላ አካባቢ በሚገኝ አንድ የእንስሳት ሕክምና ማሠልጠኛ በጥበቃነት ተቀጠረ። ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የቀረውን ራሱ ነው የሞላው፤ በጥዋት ዳዊቱን ይደግማል፣ ከዚያ ተማሪዎች ጥለውት የሄዱትን ማንኛውንም ወረቀት ያነባል። የገባውን ይይዛል፣ ያልገባውን ለሚያውቅ ሰው ያቆያል።

የሚያውቅ ሰው ሲጠብቅ የመጣችለት ዶክተር ሉዋም ናት። ሉዋም የእንስሳትን የአካል አሠራር የምታስተምር፣ ገና ሠላሳዎቹን ያላጋመሰች ሴት ስትሆን፣ አንድ ቀን የሞተ በግ የሚገፍላት ሰው ፈልጋ ወደ በሩ መጣች። ሞሲሳ ገፈፈላት። እጁን ዝም ብላ ስታይ ቆየችና በማግሥቱ አስፈቅዳ ወደ አጥንት ክፍሏ አዛወረችው። እሷ "ጋሽ ሞሲሳ፣ እርስዎ" ትለዋለች። እሱን ግን "አንቺ በሉኝ" ብላ ስላስቸገረችው፣ አፉ እየተያዘም ቢሆን ለመደው።

"ወርቹን ሲያወጡ መገጣጠሚያ ያገኛሉ?" አለችው በመጀመሪያው ሳምንት።

"ኧረ የለውም። ቢላውን በጅማቱ መካከል ስታስገቢው እንደ በሰለ ፍሬ ይወድቃል። የሚያስቸግረው ታፋው ነው፤ እሱ ከዳሌው ጋር ተሰክቷል።"

"ለምን ይመስልዎታል?"

"እግዚአብሔር እንደዚያ አድርጎ ስለፈጠረው ነዋ።"

"እሺ። እንደዚያ ያደረገውስ ለምን ይሆን?"

ሞሲሳ ሳቀ። በሕይወቱ ይህን ጥያቄ እስከዚህ ድረስ የገፋበት ሰው አልነበረም። ሉዋም ጣቷን ከአንገቷ ሥር፣ ከትከሻ ወደ ደረት በሚሄደው አጥንት ላይ አሳረፈች። "እኛ ይህ አጥንት ክንዳችንን ከደረታችን ጋር ይዞልናል። ስለዚህ እንወጣለን፣ እንሸከማለን፣ እናቅፋለን። በሬና ፈረስ የላቸውም። ወርቻቸው በሥጋና በጅማት ብቻ ነው የተንጠለጠለው። ሲሮጡ እርምጃቸው ይረዝማል፤ መሬት ሲመታቸውም ምቱን ሥጋው ይውጥላቸዋል።"

ማታ ቤቱ ሲገባ ለባለቤቱ ለአለም ለመንገር ቸኮለ። "አለም፣ በሬ ለምን እንደማያቅፍ ታውቂያለሽ?"

"አንተስ መቼ አቅፈኸኝ ነው የበሬ ጉዳይ የምትጠይቀኝ?"

እንዲህ እየተማረ ሰነበተ። ቀጭኔም፣ አይጥም፣ በሬም፣ ሰውም የአንገታቸው አጥንት ሰባት መሆኑን በሰማ ዕለት ወዲያው ተነስቶ የበሬውን ቆጠረ። ሰባት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲቆርጠው የኖረውን አንገት አንድም ቀን አለመቁጠሩ አስገረመው። ሉዋም ብዙ ጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ "ሰው ሁሉ የሚጓጓው ራስ ቅል ለማየት ነው። ራስ ጥርስ አለው፤ ምን እንደበላ ይነግርዎታል። እንዴት እንደኖረ ማወቅ ከፈለጉ ግን ከአንገት በታች ይውረዱ።" ከምድር የጠፉ እንስሳት ብዙዎቹ ራሳቸው እንደማይገኝ፣ ከአፋር ምድር አንዲት የእግር አጥንት ብቻ ብትወጣ እንኳ ባለቤቷ ሯጭ ይሁን ቆፋሪ፣ ዛፍ ይውጣ ውሃ ይዋኝ ከእሷ ብዙ መረዳት እንደሚቻል አጫወተችው። ሞሲሳ ስለ ዘመኑ ርዝመት ሲሰማ መጀመሪያ ጭንቅ ብሎት ነበር። ኋላ ግን የፈጣሪ ቀን በእኛ ቀን እንደማይሰፈር አስታወሰና አረፈ።

አንድ ነገር ብቻ ከበደው። የሚነካው አጥንት ሁሉ የሚበላ እንስሳ አይደለም፤ የውሻ አለ፣ የበቅሎ አለ። ይህን ለነፍስ አባቱ ለቄስ ዘርአጽዮን ነገራቸው። እሳቸውም በጥሞና ሰምተው፣ "ልትበላው ነው?" አሉት።

"ኧረ አባ!"

"እንግዲያው እጅህን ታጠብና ሥራህን ሥራ። ጌታ በሆሣዕና የተቀመጠው በምን ላይ መሰለህ?"

ሐሬ የሞተችው ከዚህ በኋላ ነው።

ሐሬ ማለት በኦሮምኛ አህያ ማለት ነው። ባለቤቷ አዴ ደሪቱ (አዴ እንደ "እማማ" ያለ መጠሪያ ነው) ሌላ ስም አላስፈለጋቸውም። ባላቸው ገና በጎልማሳነት ሲሞቱ የቀራቸው ልጆቻቸውና ይህች አህያ ነበሩ። ኩበትና ጭድ እየጫኑ፣ ገና አስፋልት ባልነበረበት መንገድ እስከ ሾላ ገበያ ይነዷት ነበር። ጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ። ልጆቹ ያደጉት፣ የተማሩት በሐሬ ጀርባ ነው። መኪናው በዝቶ መንገዱ ሲጠብባቸውና ልጆቹም ራሳቸውን ሲችሉ፣ አዴ ደሪቱ አህያዋን አልሸጧትም። በፎቆቹ መካከል በቀረችው ግቢያቸው ውስጥ እየቀለቡ በሰላም አስረጇት። አንድ ጠዋት ተኝታ ቀረች።

ሞሲሳ ለቅሶ የሚደርስ ያህል ተጠንቅቆ ሄደ። "አዴ፣ ለጅብ ከምትጣል ለትምህርት ቤታችን ብትሰጡንስ?"

"ምን ሊያደርጓት? ሾርባ?"

"አጥንቷን አቁመን ተማሪ ይማርባታል።"

"ሐሬ ቀለም ሳትቆጥር ልታስተምር ነው?" አዴ ደሪቱ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። "ሞሲሳ፣ አንተን አምናለሁ። ለሌላ ሰው አልሰጣትም። አንዲት አጥንቷ ለውሻ እንዳትጣል። ቃልህን ስጠኝ።"

"ቃሌ ነው" አላቸው።

ሥራው በደንብ ተጀመረ። ራሷን የጥርስ ትምህርት ክፍል ወሰደው፤ የቀረው አካል ለሞሲሳና ለሉዋም ደረሰ። ሉዋም ግን በዚያው ሰሞን ቅሪተ አካል የሚቆፍሩ ወዳጆቿ አጥንት እንድትለይላቸው ጠርተዋት ወደ አፋር ወረደች። "እኔ እስክመለስ ቀቅለው፣ አጥበው ያድርቁልኝ" ብላው ነው የሄደችው። ሞሲሳ ግንዱን በበርሜል ቀቅሎ ወደ እግሮቹ ሲደርስ ውሃ ጠፋ። ፈረቃው ነው፤ በጉርድ ሾላ በኩል ለቀናት እንደማይመጣ ተነገረ። ቤቱ ውሃ የያዘ ሮቶ አለ። አራቱን እግሮች በጆንያ አድርጎ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ወሰዳቸውና ከጓሮ እሳት አንድዶ ቀቀላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በቅርጫ የበሬ እግር ከጉልበት በታች ያለው ከነኮቴው ተቆርጦ ለብቻ ይሄዳል፤ ብልት ከሚባለው አይቆጠርም። ሞሲሳ የአጥንት ሰው ቢሆንም ያን የእግር ክፍል አጥብቆ አይቶት አያውቅም። የሐሬን የኋላ እግሮች ከድስቱ አውጥቶ ሲቦርሽ፣ ከረጅሙ አጥንት ጎንና ጎን ቀጫጭን፣ እንደ ወስፌ እየሾሉ የሚሄዱ ነገሮች ወለቁ። እጁ ሐሳቡን አልጠበቀም። ለቀማቸው፤ ከጠጉሩና ከስቡ ጋር ቀላቅሎ ከቆሻሻው ጆንያ ውስጥ ወረወራቸው። ከፊት እግሮቹ የወለቀ ነገር አልነበረም። ገና ጅማት ስለያዛቸው በባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፋቸው። ሰኞ ጠዋት ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ መጡና አለም ጆንያውን አስረከበች።

ማክሰኞ ሉዋም ከአፋር ደወለች። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

"ጋሽ ሞሲሳ፣ እግሮቹ ደረቁ? ቀጫጭኖቹን አደራ፣ ለብቻ በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡልኝ።"

"የትኞቹን ቀጫጭን?"

"ከረጅሙ አጥንት ጎንና ጎን የሚቆሙትን። ለተማሪዎቹ ከሁሉ አብልጬ ላሳይ የምፈልገው እነሱን ነው። ጣቶቿ ናቸው እኮ!"

ሞሲሳ ቁጭ አለ። "አህያ ጣት አላት?"

"እጅዎን ጠረጴዛ ላይ በመካከለኛው ጣት ጥፍር ብቻ ያቁሙት። አህያ የቆመችው እንደዚያ ነው፤ ኮቴዋ ጥፍሯ ነው። ግራና ቀኝ የነበሩት ጣቶች መሥራት ትተው፣ እየቀጠኑ እነዚያ ቀጫጭኖች ብቻ ቀሩ። ቆይ፣ አሁን ከፊቴ ያለውን ፎቶ ልላክልዎት።"

ፎቶው መጣ። በጨርቅ ላይ የተዘረጋ፣ ድንጋይ የሆነ የእግር አጥንት ነው። መካከለኛው ወፍራም፣ ከግራና ከቀኙም ሁለት ትንንሽ ጣቶች፣ ሦስቱም ሙሉ። ከምድር የጠፋ የፈረስ ዘመድ ነው አለችው። የሐሬ አያት ሳይሆን የሩቅ አጎት እንደማለት፤ ነገር ግን የሐሬም ቀደምቶች እንዲሁ ባለ ሦስት ጣት ነበሩ።

ሞሲሳ ፎቶውን አየና የጣላቸውን አስታወሰ። ሊሸሽገው አልቻለም፤ "ዶክተር፣ ጥያቸዋለሁ" አለ። "ስንጣሪ መስለውኝ።"

"ሁሉንም?" አለች።

"የወለቁትን ሁሉ።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳልነግርዎት ነው የሄድኩት። አይጨነቁ፣ ከጄሶ እንሠራላቸዋለን፤ በዓለም ላይ እንደዚያ የተሞላ አጽም ብዙ ነው።"

"ለተማሪው ይሁን። ለአዴ ደሪቱስ ምን እላለሁ? አንዲት አጥንት አትጥፋ ብለውኝ፣ ቃሌን ሰጥቼ እኮ ነው።"

ሞሲሳ ስልኩን ዘጋ።

ወዲያው አስፈቅዶ ወጣ። የሰፈሩ ቆሻሻ ሰብሳቢ ሴቶች ጋሪያቸውን ከሚያቆሙበት ቦታ ሲደርስ፣ አለቃቸው ሉላ ጓንቷን እያወለቀች ነበር።

"ሉላ፣ ትናንት ከቤቴ የወሰዳችሁት ጆንያ የት ደረሰ?"

"ምን ጠፋብህ ጋሽ ሞሲሳ? ወርቅ ነው እንዴ እንዲህ ያስሮጠህ?"

"የአህያ ጣት ነው።"

"የምን?"

"የአህያ ጣት ነው የምልሽ! ቀጭን፣ እንደ ወስፌ የሾለ።"

ሉላ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። "ኑ ስሙልኝ! ጋሽ ሞሲሳ የአህያ ጣት ጠፍቶበታል!"

"ቀለበት ነበረበት?" አለች አንዷ ከጋሪው ጀርባ።

"ቀለበት ካለበትማ ባሏ ይምጣና ይፈልግ!"

ሳቁ እስኪበርድላቸው ቆመው ሳቁ። ፊቱን ሲያዩት ግን ሉላ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። የቀሩትን ጆንያዎች አንድ በአንድ ፈትተው አብረውት በረበሩ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተቀደደ ጫማ፣ የልጅ መጫወቻ፣ ብቻ የሐሬ የሆነ ነገር የለም። የሰኞው በመኪና ተጭኖ ሄዷል። "ቢገኝ ኖሮ ራሴ ነበር የማመጣልህ" አለችው ሉላ። ሞሲሳ አመስግኖ ሄደ፤ ሳቃቸው እንኳን ሳቁብኝ የሚያሰኝ እንጂ የክፉ ሳቅ አልነበረም።

አዴ ደሪቱ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሞሲሳ ቆሞ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ "አዴ፣ ቃሌን አጉድያለሁ" አለ። የሆነውን ሁሉ ሳይቀንስ ነገራቸው። ስንጣሪ እንደመሰሉት፣ ጣት እንደሆኑ፣ እንደፈለገና እንዳጣ።

አዴ ደሪቱ ከሰፌዱ ላይ ቀና አላሉም። "ለውሻ ጣልካት?"

"ከቆሻሻ ጋር ነው የሄደው።"

"የውሻው ይሻል ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "የሰፈሩ ውሻ እንኳ ያውቃት ነበር።"

ሰፌዳቸውን ይዘው ተነሱና ወደ ውስጥ ገቡ። በሩ አልተወረወረም፤ በእርጋታ ነው የተዘጋው፤ ያ ደግሞ የባሰ ሆነበት።

በማግሥቱ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት በቦሌ መድኃኔዓለም በኩል ዞረ። ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ጸለየ። የጠፋው እንዲመለስለት አልጠየቀም፤ የቆሻሻ መኪና ወደ ኋላ እንዲነዳለት እግዚአብሔርን ማስቸገር አሳፈረው። የለመነው፣ እጁ ከልቡ ቀድሞ እንዳይሄድ እንዲጠብቀው ብቻ ነበር።

ከዚያ ከቤት ያመጣውን ባልዲ ከፊቱ አስቀምጦ ወደ ፊት እግሮቹ ተመለሰ። ጅማቱ ለስልሷል። በጥርስ ብሩሽ፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ሕፃን ገላ እያጠበ ያወጣው ጀመር። ከረጅሙ አጥንት ጎን አውራ ጣቱ አንድ ጉብታ ነካ። ከላይ ወፈር ብሎ ይጀምርና ወደ ታች ሲወርድ እየቀጠነ፣ ጫፉ ላይ እንደ ፍንጣቂ ብቅ ብሎ ያበቃል። ሲነቀንቀው አይነቃነቅም። በሌላው ጎን ደበሰ፤ እዚያም አለ። ሁለተኛውን እግር አነሳ፤ በዚያም ግራና ቀኝ እንዲሁ። ሞሲሳ ብሩሹን አስቀመጠና የሉዋም ፎቶ ያለበትን ስልክ ከአጥንቱ አጠገብ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አስተያየ። ከዚያም ፎቶ አንስቶ ላከላት።

ደቂቃ ሳይቆይ ደወለች። "ጋሽ ሞሲሳ! ተዋህደዋል እኮ! የፊቶቹ አልጠፉም!"

"እንዴት ነው የኋላዎቹ ወልቀው እነዚህ የተጣበቁት?"

"ወጣት ሳለች በጅማት ብቻ ነው የሚያያዙት። እያረጀች፣ እየተሸከመች ስትሄድ ጅማቱ ወደ አጥንት ይለወጣል። አህያ ከክብደቷ ብዙውን የምትሸከመው በፊት እግሮቿ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚዋሃዱት እነሱ ናቸው።"

"ስለዚህ ሸክሙ ነው የያዛቸው?"

"ሸክሙና ዕድሜው።"

ሞሲሳ አጥንቱን በሁለት እጁ አነሳው። ያ ሁሉ ኩበት፣ ያ ሁሉ ጭድ፣ ያ ሁሉ የሾላ መንገድ እጁ ላይ ነበር። በፊቱ ያለው አጥንት እንደ ጸሎት መጽሐፍ ከበደው፤ "ተመስገን" አለ።

ሉዋም ተመልሳ ሐሬን አብረው አቆሟት። በብረት ዘንግ ላይ የጀርባ አጥንቷን ሲደረድሩ፣ ከመካከል ጥቂቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ በግራ ጎናቸው እንደ ቀለጠ ሰም ያበጠ አጥንት አብቅለው አገኟቸው። ሉዋም ሳታስተካክል እንዳለ ተወችው። ሞሲሳ ወደ አዴ ደሪቱ ሄዶ ከተዘጋው በር ፊት ለፊት ቆሞ፣ "አዴ፣ ቆማለች። መጥተው ቢያዩዋት" አለ። ከውስጥ መልስ አልመጣም።

በሳምንቱ ግን አዴ ደሪቱ በባቡር መጥተው ጉርድ ሾላ ወረዱ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለንግሥ የሚሄዱ መስለው፣ ከማሠልጠኛው በር ላይ ሞሲሳን አስጠሩት። ሰላምታው አጭር ነበር። በኮሪደሩ እየሄዱ፣ "ራሷስ የታለ?" አሉት።

"ሌላ ክፍል ጥርስ እያስተማረች ነው።"

"መቼም ሥራ አትፈታ!"

ክፍሉ ውስጥ በሬ ቆሟል፣ በግ ቆሟል፣ ውሻ ቆሟል። በመስኮቱ በኩል ከአንገታቸው በላይ የሌላቸው ሁለት ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ከድሮ ጀምሮ የነበረ ትንሽ የበቅሎ አጽም ነው። ሞሲሳ ሊያመለክታቸው እጁን ሲያነሳ፣ አዴ ደሪቱ በቅሎውን አልፈው ቀጥ ብለው ሄዱና ከሐሬ ፊት ቆሙ።

"በምን አወቋት እናቴ?" አለች ሉዋም።

"ጀርባዋን አታዪም? ጭነት ሲበዛባት ወደ ግራ ትጎብጥ ነበር። ኧረ እኔም በግራ በኩል ሆኜ እየደገፍኩ ነበር የምነዳት።" እጃቸውን በዚያ ባበጠው አጥንት ላይ አሳረፉ። "እንዲህ ሆነሽ ነው ለካ። ምነው አልነገርሽኝ?"

ሉዋም ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከዚያ ሞሲሳ ተንበርክኮ የአዴ ደሪቱን እጅ ያዘና አውራ ጣታቸውን ከፊት እግሯ ጉብታ ላይ አስቀመጠላቸው። "ይህ ጣቷ ነው፣ አዴ። በዚያ ጎንም አለ። ከሸክሙ ብዛት ተጣብቆ ስለነበር እኔም ልጥለው አልቻልኩም። የኋላዎቹ ናቸው የጠፉት።"

አዴ ደሪቱ ጉብታውን ወደ ላይና ወደ ታች ዳበሱት። ሉዋም የአፋሩን ፎቶ በትልቁ አሳትማ ግድግዳው ላይ ሰቅላው ነበርና እሱን አሳየቻቸው። ሦስቱን ጣቶች አንድ በአንድ አዩ።

"ይሄኛው፣ ጎንና ጎን ያሉትን ጣቶች መሬት ያስነካ ነበር?"

"ሳይሆን አይቀርም፤ በተለይ ለስላሳ መሬት ላይ ረድተውት ይሆናል ይላሉ።"

"ሐሬ ቢኖሯት ኖሮ የቦሌን የክረምት ጭቃ ትሻገርባቸው ነበር" አሉ አዴ ደሪቱ። "ስንቴ ከዚያ ጭቃ በጅራቷ ጎትቼ አውጥቻታለሁ።"

"የኋላዎቹን ከጄሶ ልንሠራላት አስበን ነበር። እርስዎ ካልፈቀዱ ግን አንነካትም።"

አዴ ደሪቱ ወደ ሞሲሳ ተመለሱ። ያ ሁሉ ሳምንት ሲጠብቀው የነበረው ነገር አሁን ሊመጣ ነው፤ ከተንበረከከበት አልተነሳም።

"የፊቱን እሷ ጠብቃልሃለች፤ የኋላውን አንተ ጣልክ" አሉት። "እንግዲህ ቃልህን ለሁለት ተካፍላችሁታል። እሷ ካልከሰሰችህ እኔ ምን አገባኝ? ተነስ፣ ሱሪህ አቧራ ሆነ።" ወደ ሉዋምም ዞሩ። "አንቺም ጄሶውን ተይው ልጄ። ልጆቹ ሲጠይቁሽ፣ አንድ ደህና ሰው አላወቀምና ጣለው በያቸው። ይማሩበታል።"

ሞሲሳ ተነሳ። ይቅርታ እንደዚህ ሆኖ እንደሚመጣ አላሰበም ነበር። በእንባና በምርቃት ይመጣል ብሎ ነበር የጠበቀው፤ የመጣው ግን ሱሪውን እያራገፈ ነው።

የተማሪዎቹ ድምፅ በኮሪደሩ ተሰማ። ሉዋም አዴ ደሪቱን እንዲቆዩና ስለ ሾላው መንገድ እንዲነግሯቸው ለመነቻቸው። አዴ ደሪቱ "እኔ ምን አውቃለሁ?" እያሉ ወንበር ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። ሲጀምሩ ግን ማቆሚያ አልነበራቸውም። ጭነቱ እንዴት እንደሚታሰር፣ ዳገቱ ላይ የት እንደምታርፍ፣ ዝናብ ሲመጣ ጆሮዋን እንዴት እንደምትጥል ተረኩ። ተማሪዎቹ አንድ አፍታ ሴትዮዋን፣ አንድ አፍታ አጥንቱን ያያሉ። ሉዋም "ኑሮዋ የት ላይ ይታያል?" ብላ ስትጠይቃቸው የሁሉም እጅ ወደ ሐሬ ግራ ወገብ ነበር የሚያመለክተው።

ሞሲሳ ከግድግዳው ተጠግቶ አዳመጠ። ሁለት ደግ ሴቶች፣ አንዷ ከመጽሐፍ፣ አንዷ ከመንገድ ያመጡትን እውቀት በአንዲት አህያ ዙሪያ ሲያገናኙት ማየት ዕድል መሆኑ ገባው። እሱ ደግሞ በመካከላቸው ሹል ሹሉን የጣለው ሰው ነው፤ ያም ሆኖ አላስወጡትም።

ሲያበቃ አዴ ደሪቱ የሐሬን ጎድን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው "ገለቶሚ" አሏት፤ አመሰግንሻለሁ ማለታቸው ነው። ከዚያ ክንዳቸውን ወደ ሞሲሳ ዘረጉ።

"ና ወደ ባቡሩ አድርሰኝ። ደግሞ በቀስታ፣ እኔም እንደሷ ወደ ግራ ነው የምጎብጠው።"

ሞሲሳ በግራቸው በኩል ዞሮ ክንዳቸውን ያዘ።